ሁለት በሬ ያላት መኪና

ሰው መኪና የሚገዛው ለመሄጃ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ለወሬም ይገዛል! ባለቤቴ ያችን ዓሣ የምትመስል ነጭ መኪና ከአዲስ አበባ እየነዳ ወረታ የገባ ዕለት፣ ገና ከአጥሩ ሳያስገባት፣ አቧራውን ሳያራግፍ፣ «ይህችን እንደ ሌላው መኪና እንዳታያት!» አለኝ። ሌላውንስ መቼ አይቼ አውቃለሁ! ከዚያ በፊት መኪና ለእኔ እጅ ሲያነሱለት የሚቆምና የማይቆም ተብሎ በሁለት የሚከፈል ነገር ነበር።

«ይህች ሁለት ጉልበት ነው ያላት» አለኝ። «አንዱ ቤንዚን የሚጠጣ ሞተር ነው። አንዱ ደግሞ በባትሪ የሚሠራ ነው። ሲያሻት በአንዱ፣ ሲያሻት በሌላው፣ ሲብስባት በሁለቱም ትሄዳለች።»

«ባትሪውን ማታ ማታ ሶኬት ላይ ልንሰካው ነው? በወረታ መብራት?»

«አይሰካም። ፍሬን ስትይዢ ራሷን ትሞላለች።»

ይኸን ስሰማ ቆሜ ነበር፣ ተቀመጥኩ። ባስቆሟት ቁጥር ጉልበት የምትጨምር ፍጥረት ከአማቴ በቀር አላውቅም ነበር።

እኔ ደግሞ አንድ አመል አለብኝ። ማንበብ የተማርኩት ክፍል ገብቼ ሳይሆን ስኳርና ጨው ከሚጠቀለልበት ወረቀት ላይ ስለሆነ፣ የተጻፈ ነገር ካየሁ ሳልፈታው አላልፍም። መኪናዋ ላይ ደግሞ የተጻፈ ነገር ሞልቷል! ባለቤቴን መውጫ መግቢያ አሳጣሁት። «ይኸስ ምንድን ነው? ያኛውስ?» እያልኩ ምሳውን በሰላም እንዳይበላ አደረግሁት። ከመሪው አጠገብ የሚጫኑ ሦስት ቁልፎች አሉ። የፈረንጅ ፊደላቸውን ትቼ በራሴ አጠራር ስም አወጣሁላቸው። አንደኛው ሹክሹክታ ነው፤ እሱን ሲጫኑት መኪናዋ በባትሪ ብቻ፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ ቀስ ብላ ትሄዳለች። ሁለተኛው ቁጠባ ነው፤ ነዳጁን የቱንም ያህል ቢረግጡት «ረጋ በይ እናቴ» ትላለች። ያን ጊዜ ከቀበሌው አዳራሽ እስከ ጤና ጣቢያው በር ድረስ ስለ ቁጠባ የተጻፈበት ጨርቅ ተሰቅሎ ስለነበር፣ ይኸኛው ቁልፍ በስብሰባ የጸደቀ ይመስለኝ ነበር። ሦስተኛው ጉልበት ነው፤ እሱን ተጭነው ከረገጡ መኪናዋ ንብ እንደ ነደፋት ጊደር ትፈተለካለች።

ማርሹ ላይ ደግሞ ከሌሎቹ ተለይቶ ከታች የተቀመጠ አንድ ፊደል አለ። «እሱ ለቁልቁለት ነው» አለኝ ባለቤቴ። «ስትወርጂ ከኋላ ይይዝልሻል። መኪናዋም ስትወርድ ባትሪዋን ትሞላለች፣ በነጻ!»

እኔም ለፊደሉ «ያዝ» የሚል ስም አወጣሁለት። በነጻ የምትለዋ ቃል ግን ራሴ ውስጥ ገብታ አልወጣ አለች።

አንድ ሳምንት ሙሉ ቁልቁለት ፈለግሁ። ወረታ ባለችበት በፎገራ ሜዳ ላይ ቁልቁለት መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው ይታዘበኝ ይሆናል። እኛ ዘንድ ቁልቁለት የሚባለው ከአልጋ መውረድ ነው። ክረምት ሲገባ ውሃው እንኳ መሄጃው ጠፍቶት ከሩዙ ጋር ይተኛል። ቁልቁለቱን ባጣው ጊዜ በፍሬን ልሞላት ቆረጥኩ። አስፋልቱ ላይ በየሃያ እርምጃው ጭብጥ አድርጌ እይዛለሁ፤ ሰሌዳዋ ላይ የባትሪ ሥዕል አለች፣ ስምንት መስመር ያላት፤ አንድ መስመር በጨመረች ቁጥር እልል ልል ይቃጣኛል። ከኋላዬ የነበረው ባለ ባጃጅ ግን ደስታዬን አልተካፈለኝም።

«እመቤቴ! ወይ ሂጂ ወይ ቁሚ!»

«እየሞላሁ ነው!»

«ምን?»

«ባትሪ!»

«የእኔ ትዕግሥት ግን አለቀ!» ብሎ በአፈሩ ዞሮ አለፈኝ። ይለፍ። እሱ ምን ያውቃል? ስምንተኛዋ መስመር ልትበራ እኮ አንድ ፍሬን ነበር የቀራት!

ይኸን ሁሉ የማወራችሁ ወደ ወንድሜ ጉዳይ ለመድረስ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ጌትነት እዚሁ ወረታ አስተማሪ ነው። ሐሙሲት ያለች ሰብለ የምትባል ነርስ ወዶ፣ እሷም ወዳው፣ ሁለቱ ተስማምተው ጨርሰው የቀራቸው የአባቷ የአቶ ዘለቀ ፈቃድ ብቻ ነበር። ብቻ አልኩ እንጂ! ሴት ልጅ ያለው አባት ሽማግሌ ሳያመላልስ እሺ አይልም፤ ወጉ ነው። አቶ ዘለቀ ግን ወጉን አብዝተውታል። ለታላቅ ልጃቸው የመጡትን ሽማግሌዎች ሰባት ጊዜ አመላልሰው፣ በስምንተኛው ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዕድሜ አልበቃው ብሎ በልጁ ተተካ ይባላል።

በዚህ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት ክፉ ወሬ መጣ። አንድ የሩዝ መፈልፈያ ያለው ባለጸጋ ለልጁ ሰብለን ሊያስጠይቅ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌ ሊልክ ነው። የእኛም ሽማግሌዎች የሚሄዱት በዚያችው እሑድ፣ ከዚያችው ቅዳሴ መልስ! ሌላ ጊዜ ቢሆን መቅደምና መከተል ምንም አልነበረም። በዚህ ጉዳይ ግን አንዱ ተናግሮ «እንመካከርበት» ከተባለ በኋላ በላዩ ደርቦ መጠየቅ ነውር ነው፤ የእኛዎቹ ደግሞ ነውር ከመሥራት በሩቁ መመለስ የሚመርጡ ሰዎች ናቸው። ጌትነት ይኸን ሲሰማ የጎረሰውን መዋጥ አቃተው። ልጁ ሲጨነቅ ዱሮም ጉርሻውን ጉንጩ ውስጥ ያስቀምጣል።

ሊነዳ የነበረው ባለቤቴ ነው። እሱን ግን ወባ ጣለችው። ሦስት ብርድ ልብስ ደርቦ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ፣ «አንቺ ንጂ» አለኝ።

«ሴት ከሽማግሌ ጋር ስትሄድ የት አይተሃል?»

«ሾፌር ነሽ እንጂ ሽማግሌ አይደለሽም!»

መንጃ ፈቃዴ ገና አልተጨማደደም ነበር። ልቤ ግን ዘለለ። እውነቱን ልናገርና፣ ለወንድሜ ከመጨነቄ ይልቅ ከወረታ ሐሙሲት ባለው መንገድ ላይ ቁልቁለት ይኖር ይሆን እያልኩ ነው ያደርኩት።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። አንደኛው የነፍስ አባታችን መምሬ አድማሱ ናቸው፤ ሲናገሩ ቀስ፣ ሲወስኑ ቁርጥ ያሉ። ሁለተኛው ጋሽ ተሰማ ናቸው፤ ከሸዋ መጥተው እዚህ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ መጽሐፍ ላይ የሌለ ነገር የማያምኑ። ሦስተኛው አያ ፈንቴ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሬ ሲገሩ የኖሩ የፎገራ ገበሬ። አያ ፈንቴ የሰው ስም ይረሳሉ፣ የበሬ ቀለም ግን አይረሱም። እኔን እንኳ የሚያውቁኝ «የዚያ የቦራው በሬ ባለቤት ልጅ» እያሉ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ መምሬ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ ተቀመጡ። ጌትነት በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ «እታለም፣ አደራ!» አለኝ። ማስነሻዋን ተጫንኩ። ሰሌዳዋ በራ። ድምፅ የለም።

«አልነሣ አለች?» አሉ አያ ፈንቴ።

«ተነሥታለች አያ።»

«ምኗ ተነሣ! ስትጮህ አልሰማሁም። አይዞሽ፣ በጧት እንዲህ ያደርጋቸዋል። ግፋ! ግፋ!» ብለው ጋቢያቸውን አደግድገው ወረዱ።

«አያ፣ ተነሥታለች ስልዎ!»

ማን ሰምቶኝ! ጌትነትም ከጭንቀቱ የተነሣ ሳያስብ አብሯቸው ኋላዋን ያዘ። እግሬን ከፍሬኑ ለቀቅ ባደርግ ሹልክ ብላ ሄደች። «ሄደች! ሄደች!» ይላሉ ከኋላ እየሮጡ። አያ ፈንቴ ሃምሳ እርምጃ ያህል ሮጠው ደርሰውብን ሲገቡ ፊታቸው በላብ አብርቶ፣ ደስታቸው ወደር አልነበረውም።

«እንዲህ ያለች ቀላል መኪና ገፍቼ አላውቅም! ባንድ እጄ እኮ ነው!»

ማን ደፍሮ እውነቱን ይነግራቸዋል? ጋሽ ተሰማ ብቻ ሳል ሳል አሉ። አያ ፈንቴ አልቧቸው ስለነበር ቀዝቃዛውን አየር ከፈትኩላቸው። ያቺ ደግነቴ ኋላ ምን እንዳመጣች ታያላችሁ።

ከከተማው ስንወጣ አያ ፈንቴ «ምነው ዝም አለች?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ደግሞ ይኸን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ስመኝ ነበር! ሁለት ጉልበት እንዳላት፣ አንዱ ሲጮህ አንዱ ዝም እንደሚል፣ ሦስቱን ቁልፎች፣ «ያዝ» ያልኩትን ማርሽ፣ ፍሬኑን፣ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት። አያ ፈንቴ ዝም ብለው ሰምተው ሰምተው፣ እኔ ስንት ቀን የደከምኩበትን ባንድ ቃል ጨረሱት።

«በቃ ጥማድ ናታ!»

«እንዴት አያ?»

«ያ የሚጮኸው ትልቁ በሬ ነው፤ ጎበዝ ነው፣ ግን በላተኛ። ዝምተኛው ወይፈን ነው፤ ትንሽ ይበላል፣ ቶሎ ይደክማል። ሜዳ ላይ ወይፈኑ ይበቃል። ዳገት ሲመጣ ሁለቱንም ትጠምጃለሽ። ይኸ ምን ያስቸግራል?»

በደስታ መሪውን ልለቀው ምንም አልቀረኝ። እውነት እኮ ነው! ባለቤቴ ከመጀመሪያው እንዲህ ቢለኝ ምን ነበረበት?

ጋሽ ተሰማ ግን የመኪናዋን መመሪያ መጽሐፍ ከፊት መቀመጫው ኪስ አውጥተው ያገላብጡ ነበር። መጽሐፉ በጃፓንኛ ነው። ሥዕል ሥዕሉን አዩና፣ «እዚህ ውስጥ በሬ የሚባል ነገር የለም» አሉ።

«ጃፓን አገር በሬ የለም እንዴ መምህር?»

«አለ እንጂ።»

«እንግዲያ ሠዓሊው ከተሜ ነው» አሉ አያ ፈንቴ።

እንዲህ እየተባባልን ከብቶች መንገዱን ሞሉት። የፎገራ ከብት መኪና ሲመጣ ገለል የሚለው ድምፁን ሰምቶ ነው። የእኛይቱ ደግሞ ሹክሹክታ ላይ ናት። ላሞቹ እንደሌለን ቆጠሩን። ክላክስ ልነካ እጄን ሳነሣ አያ ፈንቴ ከኋላ ትከሻዬን ያዙኝ።

«እንዳታደርጊው! ያች ቡሬ እርጉዝ ናት፣ ታስደነግጫታለሽ።»

«አያ፣ ሰዓት እየሄደብን ነው!»

«ይሂድ። ጥጃ በሰዓት አይገኝም።»

በላም እርምጃ ሄድን። የላም እርምጃ ቢሆንማ ደግ ነበር፤ የእርጉዝ ላም እርምጃ ነው የሄድን። በወይፈኑ ብቻ እየተሳብን፣ ከባትሪው የሚጠጣው ቀዝቃዛ አየር አያ ፈንቴ ላይ ሽው እያለ፣ የባትሪዋ መስመሮች አንድ በአንድ ይጠፉ ጀመር። ስድስት። አምስት። እኔ መንገዱን ትቼ እነሱን አያለሁ። ከብቶቹ ወደ ግጦሹ ተገንጥለው የጉማራን ድልድይ ስንሻገር ሁለት ብቻ ቀሩ፣ ቀለማቸውም ተለወጠ።

አያ ፈንቴ በሁለቱ ወንበሮች መካከል አንገታቸውን አስገብተው አዩ። «ምን ሆነ? ለምን ጠቆረ?»

«ወይፈኑ ደከመው መሰለኝ አያ።» ከአፌ ያመለጠኝ ይኸው ነው። በምን ቀን አልኩት!

«ይፈታ!»

«እ?»

«ይፈታ እንጅ! ፊት ለፊትሽ ዳገት አለ። የደከመ ወይፈን ይዘሽ ዳገት ልትወጪ ነው? መካከል ላይ ቢተኛብሽ ማን ያነሣልሻል? ጥላ ፈልጊና ይረፍ።»

«ባትሪ እንደ በሬ አያርፍም» አሉ ጋሽ ተሰማ።

«ተጽፏል?»

ጋሽ ተሰማ ጃፓንኛውን አንድ ሁለቴ ገለጡና መልሰው ከደኑት። ከዚያ ሦስታችንም ወደ መምሬ አየን። እኔ በልቤ «እንቀጥል ይበሉ፣ መምሬ፣ እንቀጥል ይበሉ» እላለሁ፤ ግን ደግሞ ያ ዳገት! ባትሪዋ ባዶ ብትሆንና ወደ ኋላ ብትንሸራተት፣ ሦስት ሽማግሌ ጭኜ ጉማራ ውስጥ ብገባስ? መምሬ ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ።

«ዛሬ ሰንበት ነው» አሉ። «በሰንበት አንተም በሬህም እረፉ ነው የተባለው። ይረፍ።»

በዚህ ላይ ይግባኝ አለ? ከመንገዱ ዳር አንዲት የሾላ ጥላ ሥር አስጠጋኋት። ባጠፋት መልሳ እሺ ትለኝ እንደሆነ እርግጠኛ ስላልነበርኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ይዤ ሳላጠፋ ወረድኩ። ሽማግሌዎቹ ጥላው ሥር ተቀመጡ። መኪናዋም ዝም ብላ ተቀመጠች። የሚያየን ሰው አራት ሆነን መኪና የምናስታምም ይመስለው ነበር።

ስልኬ ጮኸ። ጌትነት ነው።

«እታለም! የት ደረሳችሁ?»

«ጉማራን ተሻግረናል።»

«እና ለምን የመኪና ድምፅ አይሰማም?»

«ቆመናል።»

«ለምን?»

«ወይፈን እያሳረፍን ነው።»

በቀጭን ድምፅ፣ «መኪናዋን አልወሰድሽም እንዴ?» አለኝ። ዘጋሁት።

ይኸኔ ከድልድዩ ማዶ የሚያጓራ ነገር መጣ። የጭስ ማውጫ ማርሚታው የተቀደደ ፒክአፕ ነው፤ አገር ይያዝልኝ እያለ ይመጣል። በፊታችን ሽው ሲል ከውስጥ አራት ነጭ ጋቢ፣ አንድ ጥምጥም፣ አንድ ከዘራ አየሁ። የባለጸጋው ሽማግሌዎች! ከዘራ የያዙት ሰውዬ አንገታቸውን አውጥተው «ደኅና ዋላችሁ! ተበላሸባችሁ?» አሉ።

«እያረፍን ነው!» አሉ አያ ፈንቴ በኩራት።

እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። «አያ፣ ቀደሙን እኮ! ያ ልጅ ዛሬ ምን ይሆናል? እባክዎ እንነሣ!»

«አንቺ ልጅ፣ የደከመ በሬ አስነሥቶ የተመሰገነ ገበሬ...»

አልጨረሱትም። መኪናዋ፣ ማንም ሳይነካት፣ ውስጧ ማንም ሳይኖር፣ በራሷ ጊዜ ሞተሯን አስነሥታ ታጓራ ጀመር። አያ ፈንቴ ብድግ አሉ። ጋሽ ተሰማ መጽሐፉን ጣሉት። መምሬ መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ። እኔ ሮጬ በሩን ከፍቼ ሰሌዳዋን አየሁ። አንዲት ቀስት ከሞተሩ ሥዕል ተነሥታ ወደ ባትሪው ሥዕል ትሄዳለች፣ ትሄዳለች፣ ትሄዳለች። ሁለት የነበረው መስመር ሦስት ሆነ!

«አያ! ይምጡ! ይዩ! ትልቁ በሬ ተነሥቶ ለወይፈኑ እያበላው ነው!»

አያ ፈንቴ ጎንበስ ብለው ቀስቷን በጣታቸው ተከተሏት። ሲቀኑ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ዕድሜየን ሙሉ በሬ ሳበላ ኖርሁ» አሉ። «በሬ በሬን ሲያበላ ግን አይቸ አላውቅም።» መምሬም መስቀሉን ወደ ቦታው መለሱና፣ «እንዲህ ያለስ ከሰውም አይገኝ» አሉ።

አራተኛዋ መስመር ስትበራ አጨበጨብን። አምስተኛዋ ላይ ጋሽ ተሰማ ሳይቀሩ አጨበጨቡ። አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፣ ወንድሜ እዚያ ጉንጩ ውስጥ ጉርሻ ይዞ ተቀምጧል፤ ግን እናንተም ብትሆኑ ታጨበጭቡ ነበር!

«አሁን ጥመጃቸው!» አሉ አያ ፈንቴ። ጉልበት የምትለዋን ተጫንኩና ረገጥኩ። ወይ ጉድ! ዳገቱን አልወጣነውም፣ ዳገቱ ነው በእግራችን ሥር ያለፈው። የመምሬ ጥምጥም ወደ ኋላ ጋለበ፣ የጋሽ ተሰማ መነጽር አያ ፈንቴ ጭን ላይ አረፈ። «ጎሽ! ጎሽ የኔ አንበሳ!» ይላሉ አያ ፈንቴ ወንበሩን እየመቱ። አናቱ ላይ ስንደርስ ደግሞ፣ ከፊቴ ምን ባይ ጥሩ ነው? መንገዱ ወደ ታች ያጎነብሳል!

«ቁልቁለት!» ብዬ ጮህኩ። «መምሬ፣ ቁልቁለት!»

«በስመ አብ! ምን ልንሆን ነው?» አሉ መምሬ።

«በነጻ ነው መምሬ! በነጻ!» ማርሹን ወደ «ያዝ» ሳብኩት፤ መኪናዋ በሆዷ እያጉረመረመች ራሷን ያዘች፤ ስድስተኛዋ በራች፣ ሰባተኛዋ በራች።

ደስታዬ እታች ሳይደርስ ተቀጨ። ያ ፒክአፕ ከሐሙሲት በኩል እያጓራ ተመልሶ ይመጣል። ሲያልፉን ባለ ከዘራው እጃቸውን ከመስኮት አወዛወዙልን። ደርሰው፣ ተናግረው፣ ተመልሰው ነዋ!

ስልኬ ጮኸ፤ ጌትነት ነው፤ ማንሣት አቃተኝ። ወይፈን አሳርፌ የወንድሜን ትዳር አሳረፍኩት!

«እንመለስ» አሉ ጋሽ ተሰማ። «በተነገረ ላይ አንናገርም።»

አያ ፈንቴ ጣታቸውን ይቆጥራሉ። መምሬ ግን፣ «የተባለውን ሳንሰማ አንመለስም። ሄደን ሰላም እንበላቸው፣ ተነግሮ ከሆነ መርቀን እንመለሳለን» አሉ። «ብቻ ቀስ በይ ልጄ። አፍሮ የሚመጣ ሰው አይጮህም።»

ሹክሹክታን ተጫንኩ።

የአቶ ዘለቀ ቤት ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው፤ የቆርቆሮ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውሻቸው በሩ ሥር እንደተጋደመ ጆሮውን እንኳ ሳያቆም በአጠገቡ አለፍን። ልቆም ያሰብኩት ከበሩ ውጭ ነበር፤ እግሬ ፍሬኑን ለመርገጥ ዘገየና ግቢው መካከል ገባሁ። ከፊቴ፣ ሦስት እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ አቶ ዘለቀ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ተጠቅልሎ፣ ሁለት እግራቸውን ሳፋ ውስጥ ነክረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሰብለ ደግሞ ጀርባዋን ሰጥታን ተንበርክካ የአባቷን ተረከዝ በድንጋይ ትፈገፍጋለች።

ሽማግሌዎቹ ወረዱ። መምሬ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና፣ «ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ!» አሉ።

አቶ ዘለቀ ዓይናቸውን ሲገልጡ ካህን በመስቀል፣ መምህር በመጽሐፍ፣ ገበሬ በጋቢ፣ ከላያቸው ቆመዋል። ሰብለ አንዴ ዞር ብላ አየችና የአባቷን ጫማና ፎጣ እንዳቀፈች እልም ብላ ቤት ገባች። ሽማግሌ ቆሞ መቀመጥ ነውር ነውና አቶ ዘለቀም ብድግ አሉ፤ የተነሡት ግን ሳፋው ውስጥ ነው።

«በ... በምን መጣችሁ?»

«በመኪና» አሉ መምሬ።

«የታለች?»

መኪናዋ አፍንጫቸው ሥር ነበረች።

«ተቀመጡ እንጂ፣ ኧረ በሞቴ ተቀመጡ! ሰብለ! ጫማዬን አምጪ!»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ መምሬ። «ግን አስቀድመው ይንገሩን። ከእኛ በፊት የተናገረ ሰው አለ?»

አቶ ዘለቀ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ማንም አልተናገረም። ሰብለ! ጫማ!»

አልተናገረም! እኔ መሪው ላይ ተደፋሁ፤ ክላክሱን እንዳልነካ ብቻ ነበር ጭንቀቴ።

መምሬ ጀመሩ። የጌትነትን ዘር፣ የጌትነትን ጠባይ፣ የጌትነትን ደመወዝ ሳይቀር ቀስ አድርገው አወሩ። መምሬ ቀስ አድርገው ሲያወሩ ቀስ ነው። አቶ ዘለቀ አንዴ በቀኝ እግራቸው፣ አንዴ በግራ እግራቸው ውሃው ውስጥ ይቆማሉ። ውሃው ሳይቀዘቅዝ አልቀረም።

«ሰብለ! ጫማውን!»

«እየፈለግሁት ነው አባዬ!» አለች ከውስጥ።

«መልካም፣ እንግዲህ ሰምቻለሁ» አሉ አቶ ዘለቀ። «ከዘመድ ጋር እንመካከርበትና ለሳምንት ብትመለሱ...»

«እንመለሳለን» አሉ አያ ፈንቴ። «እስከዚያው እዚሁ ቆመን እናርፋለን።»

«ሰብለ!»

«አላገኘሁትም አባዬ!»

«ይዘሽው ገባሽ እኮ!»

«ይዤው ገብቼ ነው የጠፋብኝ!»

እኔ በመስኮቱ አየኋት። ጫማውን አቅፋ ከበሩ ጀርባ ቆማለች። ዓይን ለዓይን ተጋጨንና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። በዚያች ቅጽበት ይህች ልጅ ለወንድሜ ታስፈልገዋለች ብቻ ሳይሆን ለቤተሰባችን በጠቅላላ ታስፈልጋለች አልኩ።

አቶ ዘለቀ ወደ ሰማይ አዩ፣ ወደ ሳፋው አዩ፣ ወደ ካህኑ አዩ። ሱሪያቸው አንድ እግሩ ተፈትቶ ውሃው ውስጥ ገብቷል። «እሺ!» አሉ በመጨረሻ። «እሺ፣ ፈቅጃለሁ! እግዚአብሔር ይባርክላቸው!»

ቃሉ ከአፋቸው ሳይወጣ ጫማው ደረሰ፤ ፎጣውም፣ ካልሲውም ጭምር።

ገበታ ቀርቦ ስንጫወት አቶ ዘለቀ ነገሩን አጫወቱን። ያን ፒክአፕ ገና ዳገቱን ሲወጣ ሰምተውት በጓሮ በር ወጥተው ጎረቤት ተደብቀዋል። ለዛሬ ማንንም ላያነጋግሩ ምለዋል። ባለቤታቸውም ለሽማግሌዎቹ «ቀብር ሄዷል» ብለው መልሰዋቸዋል። ድምፁ ሲርቅላቸው፣ እንግዲህ ሳምንት ድረስ ተገላገልኩ ብለው እግራቸውን ሊታጠቡ መቀመጣቸው ነበር።

ለጌትነት ደወልኩለት። «እሺ ብለዋል!» ስለው ከዚያ በኩል ለረጅም ጊዜ የተሰማኝ ማኘክ ነው።

ስንሸኝ አቶ ዘለቀ መኪናዋን ዞረው ዞረው አዩዋት፤ ጆሯቸውንም አስጠግተው አዳመጧት። ከዚያ በመስኮቱ ጎንበስ አሉ።

«ለሠርጉ ግን በዚህች እንዳትመጡ» አሉኝ።

«ምነው አባባ?»

«ከጉማራ ጀምሮ የሚሰማ ይዛችሁ ኑ። ሰው ቢያንስ ጫማውን ያድርግ!»